ካርዱ «ወደቁ» ይላል

በቀበሌያችን ጤና ጣቢያ በስሜ የወጣ ካርድ አለ። ካርዱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «ደጃፋቸው ላይ ወድቀው ከግራ ጆሯቸው በላይ ተፈንክተዋል፤ ተሰፍቶላቸው ወደ ቤት ተመልሰዋል» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት ነው። አልወደቅኩም። የደጃፌን ድንጋይ ከአርባ ዓመት በላይ ስወጣውና ስወርደው ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን ጥሎኝ አያውቅም። እኔ በዱላ ነው የተመታሁት። የመታኝም የልጄ ባል ነው። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ፤ እሱን ብዘል ለራሴ ማዳላት ይሆንብኛል። «ወደቅኩ» ብዬ የተናገርኩት እኔው ራሴ ነኝ። ያች አንዲት ቃል ልትገድለኝ ምንም አልቀራትም ነበር።

ስሜ ትርንጎ ነው። መንደሬ ከላሊበላ ወደ ሙጃ በሚወስደው መንገድ፣ ከመኪና መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ሽቅብ የሚወጣ ደጋ ላይ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ልጅ አዝዬ ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ይህን የምጽፈው ሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ተራ ለምትጠብቁ ሴቶች ነው። እኔም እዚያ ወንበር ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ።

የገብስ አጨዳ ሰሞን ነበር። የልጄ የየሺ ቤት ከእኔ ቤት ቁልቁል፣ ብትጠራኝ የምሰማበት ቦታ ላይ ነው። ባሏ ሥራ የማይሰለቸው፣ ለጎረቤት ፈጥኖ ደራሽ የሆነ ሰው ነው። ይህን የምለው እንድታዝኑለት አይደለም። ሰው ሁሉ «እሱማ እንዲህ አያደርግም» ያለው ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ነው። ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ነበር። የሺ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ ስታስር አይቻለሁ። «ምነው እንዲህ አሰርሽው?» ስላት «ብርዱ ነዋ፣ እማ» ትለኝ ነበር። በበጋም ብርድ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ። እናቴም አይታ ዝም ብላኝ ነበር።

በዚያን ቀን የልጅ ልጄ ብርቄ እየሮጠች መጣች። ሰባት ዓመቷ ነው። ምንም አልተናገረችም፤ ቀሚሴን ይዛ ጎተተችኝ ብቻ። ስደርስ የሺ ጥግ ላይ ተኮራምታለች፣ እሱ ዱላውን አንስቷል። ምክንያቱ አህያዋ ክምሩ ውስጥ መግባቷ ነበር። መሀል ገባሁ። «ካማረህ እኔን!» አልኩት። ዱላው ቀድሞ ተነስቶ ነበርና አልተመለሰም፤ ከግራ ጆሮዬ በላይ አረፈ።

ደሙን ሲያይ ዱላውን ጥሎ ጮኸ። «እመት ትርንጎን ገደልኩ!» እያለ ደረቱን ይመታል። የሚያስቀው ነገር፣ ሰው ተሰብስቦ በመጀመሪያ ያባበለው እሱን ነው።

ከላይኛው መንደር ልጄ ፋንታው ጠመንጃውን ይዞ ሲወርድ ነገሩ ከበደ። በእኛ አገር አንድ ጥይት ከተተኮሰ የልጅ ልጅም አይጨርሰውም። ሽማግሌዎች ሮጠው መጡ። የነፍስ አባቴ መምሬም መስቀላቸውን ይዘው መጡ። ቁስሌን በነጠላ ጠቅልለው አስቀመጡኝና መሀላችን ቆሙ። የልጄ ባል ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ወደቀ፤ «ማሪኝ» አለ። ምሬዋለሁ አልኩ። ፋንታውም ጠመንጃውን አወረደ። ያን ጊዜ መምሬ መስቀሉን ከፍ አድርገው፣ «ይህን ነገር ከእንግዲህ በአፉ ያነሳ፣ ለዳኛም ይሁን ለባዕድ የተናገረ፣ በጴጥሮስ ወጳውሎስ ሥልጣን ግዝት ይሁንበት» አሉ። ሁላችንም «ይሁን» አልን።

ከተማ ላደገ ሰው ግዝት ምን እንደሆነ ልንገረው። ካህን በቃሉ ያሰረው ነገር ነው። ያን ያፈረሰ ሰው አይቆርብም፤ ሲሞትም የሚፈታው እንዳያጣ ይፈራል። እኔ በሕይወቴ ብዙ ሰው ተከራክሬያለሁ፤ ቀበሌውንም፣ መሬት ለኪውንም፣ ወንድሞቼንም። ግዝት ግን አፍርሼ አላውቅም።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ የወሰደኝ ማን ይመስላችኋል? የመታኝ ሰው ራሱ ነው፤ በበቅሎው። መንገዱን ሁሉ እግሬን ደግፎ፣ «አይዞሽ እመት» እያለ። ጤና መኮንኑ ሙላት የሚባል ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከልጆቼም ያንሳል። ካርዱ ላይ እንዳቀረቀረ፣

«ምን ሆነው ነው፣ እማማ?» አለኝ።

የልጄ ባል አጠገቤ ቆሟል፤ ነጠላዬን ይዞልኛል። ግዝቱ አፌ ላይ ነው።

«ወደቅኩ» አልኩ።

«የት?»

«ደጃፍ።»

«ጠንቀቅ ይበሉ እንጂ፣ በዚህ ዕድሜ!» ብሎ ጻፈ። ሰባት ቦታ ሰፋኝ። እጁ ልስልስ ነበር፤ ያንን አልክድም።

ቁስሉ ቶሎ ዳነ። እኔም ነገሩ አለቀ ብዬ ነበር።

አንድ ወር ሊሞላ ሲል ራስ ምታት ጀመረኝ። ራስ ምታት ለእኔ እንግዳ አልነበረም፤ ይህ ግን ጠዋት ስነሳ የሚብስ፣ ራሴ ውስጥ ሰው ጆንያ የሚያስቀምጥብኝ የሚመስል ነው። ቀጥሎ እንዝርቱ ከቀኝ እጄ መውደቅ ጀመረ። እኔ ፈታይ ነኝ፤ የእኔን ፈትል ሸማኔው ሳይመረምር ነው የሚቀበለኝ። አሁን ክሩ እየተበጠሰ ይወፍራል፣ ይቀጥናል። ሸማኔው አያ ምስጋናው አገላብጦ አየውና፣ «ትርንጎ፣ ይህን ድመቷ ናት የፈተለችው?» አለኝ። ሰደብኩት። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ከዚያ ቃል ይጠፋኝ ጀመር። አንድ ቀን ዶሮዋ እህል ስትጭር፣ «እሽ! ውጪ አንቺ ማንኪያ!» አልኳት። ብርቄ በሳቅ ተንከባለለች። «እማማ፣ ማንኪያ እሽ አይባልም እኮ!» እኔም አብሬ ሳቅኩ። በሳምንቱ የየሺን ስም ፈልጌ አጣሁት። አፌን ከፍቼ «አንቺ… አንቺ…» ስላት አየችኝ። ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

ጤና ጣቢያ ተመለስኩ። የፊተኛው ካርዴ አልተገኘም ተብሎ አዲስ ካርድ ወጣልኝ። ሙላት ደም ግፊቴን ለካና «ትንሽ ከፍ ብሏል» ብሎ ኪኒን ሰጠኝ። ኪኒኑን ውጬ ስመለስ እጄ ያው ነው።

«እማማ፣ ምን ላድርግዎት፣ እርጅና እኮ ነው» አለኝ።

«ልጄ፣ እርጅና ከሆነ ሁለቱን እጆቼን እኩል ይያዛቸው እንጂ ለቀኙ ብቻ ለምን ያዳላል?» አልኩት።

ሳቀ። ጥያቄው ግን የቀልድ አልነበረም፤ መልሱ እዚያው ውስጥ ነበር። እሱ አልጠየቀኝም፤ እኔም ስለ ራሴ መፈንከት አላነሳሁም። አዲሱ ካርድ ባዶ ነው። እኔ ደግሞ «ወድቄ ነበር» የሚለውን ውሸት እንኳ ለመድገም ፈራሁ፤ «እንዴት ወደቁ?» ቢለኝ ነገሩ ነገር ይወልዳል ብዬ።

ከዚያ ለገበያ ወርጄ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ደም ወስደው፣ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብዎት» አሉኝ። ሁለቱም ትኩሳት የሚያመጡ በሽታዎች ናቸው አሉ። «ልጄ፣ ትኩሳት ሳይኖረኝ የትኩሳት በሽታ ከየት አመጣሁ?» ብዬ መርማሪውን ስጠይቀው፣ «ውስጥ ለውስጥ ነው፣ እናት» አለኝ። ውስጥ ለውስጥስ ነበር፤ እሱ ያለው ግን አልነበረም።

ጠበልም ገባሁ፤ ሰባት ቀን። በጠበል ላይ ክፉ አልናገርም፤ እምነቴ ነው። አጥማቂው «ማን ነህ? ምን ሆና ያዝካት?» ሲሉ ሌላው ይጮኻል፣ ይናገራል። እኔ ከንፈሬን ነክሼ ዝም። ከኋላዬ ያለችው ሴት፣ «የሷስ ዲዳ ነው መሰለኝ» ስትል ሰማኋት። እውነቷን ነው። የያዘኝ ነገር እንዳይናገር ታስሮ ነበር። በሰባተኛው ቀን አንዲት እማሆይ ልብሴን ሲጨምቁልኝ ቀኝ እግሬን ስጎትት አዩና፣ «ልጄ፣ ጠበሉ ሐኪም ቤት አትሂጂ አላለም እኮ» አሉኝ። ከሁሉም ምክር የሚሻለው እሱ ነበር፤ እኔ ግን ገና ሰባት ቀን ጨምሬ ቤቴ ተኛሁ።

መጨረሻ ላይ እንቅልፍ ያዘኝ። ጠዋትም እንቅልፍ፣ ቀትርም እንቅልፍ። እያወራሁ እንቅልፍ። ፋንታውና የሰፈሩ ወንዶች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገድ አወረዱኝ። የሺ ከጎኔ እየሄደች «እማ፣ አትተኚ፤ እማ፣ ስድብሽን አሰሚኝ» ስትለኝ ትዝ ይለኛል። ልሳደብላት ፈልጌ ቃሉን አጣሁት።

ላሊበላ ከተማ ሆስፒታል ገባን። ወረፋው ረጅም ነበር። አግዳሚው ላይ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ የያዘችኝ የማላውቃት ሴት ናት፤ የራሷን ሕፃን በሌላው ጭኗ ይዛለች። ተራዋ ሲደርስ «እሳቸው ይቅደሙ» ብላ ቦታዋን ለቀቀችልኝ። ፊቷን እንኳ በደንብ አላየሁትም። እግዜር ያስባት።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ዐይኔን በባትሪ አየ። «ሁለት እጅዎን ይዘርጉ» አለኝ፤ ቀኙ ቀስ እያለ ወረደ። ከዚያ ሻሼን አወለቀና በጣቶቹ ፀጉሬን መፈተሽ ጀመረ። ጣቱ ጠባሳው ላይ ቆመ።

«ይህ ምንድን ነው?»

ዝም አልኩ። ወደ ፋንታው ዞረ፤ ፋንታው መሬት መሬት ያያል። ወደ የሺ ዞረ፤ የሺ ሻሿን ወደ ቅንድቧ ሳበች።

«ሦስት ሰው ቆሞ አንድ መልስ የለም?» አለ ሐኪሙ። ቁጣ አልነበረበትም። ትንሽ አሰበና ለነርሷ፣ «ሲስተር ዘቢባን ጥሪልኝ» አላት።

ሲስተር ዘቢባ ደልደል ያለች፣ ሒጃቧን ወደ ኋላ አስራ ፈጠን ፈጠን የምትል ሴት ናት። ፋንታውን «ወንድሜ፣ አንተ ሻይ ጠጣ» ብላ አስወጣችው። እኔንና የሺን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች በኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለ ክፍል አስገባችንና በሩን ዘጋች። አልጋ አለ፤ ጠረጴዛ አለ፤ ጥግ ላይ የልጆች መጫወቻ በቅርጫት። ቀደም ሲል የተሰበሩ አልጋዎች መጋዘን ነበር አለችኝ በኋላ። መጀመሪያ መጋረጃ ብቻ ሰጧት፤ በመጋረጃ ጀርባ ግን ማንም ሴት አልተናገረችም። ከጦርነቱ ወዲህ ብዙ ሴቶችና ልጆች መምጣት ሲጀምሩ በር ተሠራላት። ከዚያ ሴት ፖሊስ መጣች፣ ከዚያ አቃቤ ሕጓ በሳምንት የተወሰነ ቀን እዚያው መቀመጥ ጀመረች። የተጎዳች ሴት ነገሯን በየቢሮው እየዞረች እንዳትደጋግመው ነው። ዛሬ ከሙጃ በኩልም፣ ከኮን በኩልም የሚመጣ አለ።

«እማማ ትርንጎ፣» አለችኝ፣ ዝቅ ብላ ዐይኔን እያየች፣ «ማን ነካዎት?»

ይህን ጥያቄ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። «ምን ሆኑ» አይደለም፤ «ማን»። እንባዬ ወረደ። እየተንተባተብኩ «ተገ… ተገዝቻለሁ» አልኩ።

የሺን አየቻት። የሺ ራሷን ነቀነቀች።

ሲስተር ዘቢባ «እናንተ ክርስቲያኖች ምን አለባችሁ» አላለችም። የወሎ ልጅ ናት፤ ግዝት ምን እንደሆነ ታውቃለች። «እኔ ግዝትዎን መፍታት አልችልም» አለች። «የገዘቱዎት አባት ስልክ አላቸው?»

የሺ ቁጥሩን ነገረቻት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ሲጠራ ይሰማኛል። መምሬ አነሱት፤ ከኋላቸው የከብት ድምፅ አለ።

«አባ፣ ከሆስፒታል ነው። ትርንጎ እዚህ ናቸው፤ ራሳቸውን በጣም አሟቸዋል። ሐኪሙ ራሳቸው ላይ ምን እንደደረሰ ካላወቀ ማከም አይችልም። እሳቸው ደግሞ አባ ገዝተውኛል ብለዋል።»

የከብቱ ድምፅ ራቀ፤ መምሬ ገለል ያሉ መሰለን።

«ትርንጎ፣ ትሰሚኛለሽ?» አሉ መምሬ። ድምፃቸው እንደዚያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። «ጠመንጃ ፈርቼ ነው። እጁን መገዘት ሲገባኝ አፍሽን ገዘትኩ። እግዚአብሔር ይፍታሽ። የሺንም፣ ፋንታውንም ይፍታ። ተናገሪ፣ ልጄ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

እንግዲህ ተፈታሁ። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ የለም! «በ… በ…» አልኩ። ዱላ የሚለው ቃል ጠፋኝ። እጄን ለማንሳት ሞከርኩ፤ ቀኜ አልነሳ አለኝ። ተፈትቼም ዲዳ ሆንኩ። ከዚያ በሽታ ሁሉ የከፋብኝ ያ ሰዓት ነው።

ያን ጊዜ የሺ ሻሿን ፈታችው። ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ እኔም ያን ቀን ነው ያየሁት። «በዱላ ነው» አለች። «ባሌ ነው። እኔን ሊመታ ሲል እሷ መሀል ገባች።»

ሐኪሙ ተጠራ። ያብራራልኝን በቀላሉ ልንገራችሁ፤ ለዚህም ነው የምጽፈው። ራስ ሲመታ ከራስ ቅሉ ሥር ያለ ቀጭን የደም ሥር ሊበጠስ ይችላል። ደሙ ቀስ እያለ ይጠራቀምና አንጎልን ይጫናል። በተለይ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ በዚያው ቀን ምንም ላይታይ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ ነው ራስ ምታቱ፣ የአንድ ወገን መድከሙ፣ ቃል መጥፋቱ፣ እንቅልፉ የሚመጣው። በግራ የተመታ በቀኙ ይደክማል። ስለዚህ በራሳችሁ ላይ የደረሰ ነገር ካለ፣ ወር ቢያልፈውም፣ ቁስሉ ቢሽርም፣ ለሐኪም ተናገሩ። ሳትጠየቁም ተናገሩ።

በዚያው ቀን በአምቡላንስ በወልድያ አድርገው ደሴ ወሰዱኝ። ራሴን ሲቲ ስካን በሚሉት ትልቅ ራጅ አነሱኝና ያለው ሁሉ እንደተባለው ሆነ። ፀጉሬን ላጩኝ፤ የራስ ቅሌን ሁለት ቦታ በስተው ደሙን አወጡት። ስነቃ ነርሷ «እጄን ይጭመቁኝ» አለችኝ። በቀኝ እጄ ጨመቅኳት። «ኧረ እማማ፣ ጣቴን ሰበሩት!» አለች። እንዲህ የሚያስደስት ስሞታ ቀርቦብኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን የሺ አልጋዬ አጠገብ ስትቀመጥ ስሟን ጠራሁት። ፊቷን አንሶላዬ ውስጥ ቀበረች።

የሺ ብርቄን አስመጥታ በደሴ ማረፊያ ቤት ገባች። ከቤታቸው በዱላ ለወጡ ሴቶችና ልጆች የተዘጋጀ ቤት ነው፤ ሲስተር ዘቢባ ናት በስልክ ያገናኘቻት። አጥሩ ላይ ምንም ጽሑፍ የለውም፣ በሩም ሁልጊዜ ዝግ ነው ስትለኝ ተቆጣሁ።

«እሱ እቤቱ ተቀምጦ አንቺ ትታሰሪ? ይህ ምን ፍርድ ነው?»

«እማ፣ አልታሰርኩም። ቁልፉ በውስጥ በኩል ነው» አለችኝ።

ይህን ሁለት ቀን አሰብኩበት። እኔ ባል አግብቼ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ቁልፉ በውስጥ የሆነ በር አላየሁም ነበር። ከእናቴ ቤት ወደ ባሌ ቤት፣ ከባሌ ቤት ተጣልቼ ወደ እናቴ ቤት፣ ከእናቴ ቤት በሽማግሌ ወደ ባሌ ቤት። ሌላ ቤት አልነበረም። ብርቄ እዚያ ትምህርት ጀመረች፤ በስልክ «እማማ፣ ዶሮዋስ? ማንኪያዋ?» ትለኛለች።

አገሬ ስገባ መምሬ አንድ ነገር አደረጉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ ሳይበተን ቆሙና፣ በዚያ ቀን የነበሩትን ሽማግሌዎች በሙሉ ፈቷቸው። «ለዳኛ ያያችሁትን ተናገሩ» አሉ። ቀጥለው መስቀሉን ወደ ፋንታው አዙረው ጠመንጃ ላነሳ፣ ወደ ሌላኛውም ወገን አዙረው ዱላ ላነሳ፣ ገዘቱ። ፋንታው አንገቱን ደፍቶ «ይሁን» አለ። የልጄ ባል ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ፖሊስ ይዞታል።

አሁን ወደ ካርዱ እመለሳለሁ። ክሱ ሲከፈት የጠፋው የመጀመሪያ ካርዴ ተገኘ። ያገኙት ደግሞ የእሱ ወገኖች ናቸው። «ካርዱ ወደቁ ነው የሚለው፤ ራሳቸው የተናገሩት ነው» ብለው ቅጂውን ለፍርድ ቤት አቀረቡት። አቃቤ ሕጓ ጠራችኝ። «እማማ፣ የሆስፒታሉ ወረቀት ተመቱ ይላል፤ የጤና ጣቢያው ወደቁ ይላል። ሁለት ወረቀት ሲጣላ ፍርድ ይለግማል» አለችኝ። የልጄ ፍርድ በእኔ ቃል ላይ ተሰቀለ።

በዱላ እየተደገፍኩ ጤና ጣቢያ ወረድኩ። የዱላ ነገር እንግዲህ እንዲህ ሆነ፤ አንዱ መታኝ፣ ሌላው ደገፈኝ። ሙላት ዋናውን ካርድ አውጥቶ አየና ፊቱ ተለወጠ።

«የተጻፈ አይፋቅም፣ እማማ። ሕገ ወጥ ነው።»

«ውሸት መጻፍስ ሕጋዊ ነው?»

«እርስዎ ያሉኝን ነው የጻፍኩት።»

«እጅህ ሲጽፍ ዐይንህ የት ነበር? የመታኝ ሰው አጠገቤ ቆሞ ነጠላዬን ይዞልኝ ነበር እኮ!»

«አለቆቼን ልጠይቅ» አለ። በሳምንቱ ሄድኩ፤ «አልመለሱልኝም» አለኝ። ደግሞ ሄድኩ፤ ሥልጠና ሄዷል ተባልኩ። «የምን ሥልጠና?» ብላቸው ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ፣ «ከሆስፒታሉ ሲስተር ዘቢባ የምትሰጠው ነው፤ እዚህም ክፍል ሊከፈት ነው» አለችኝ። እየሳቅኩ ተመለስኩ። መንገዱን አሳጠረልኝ።

ለአራተኛ ጊዜ ስወርድ ከመድኃኒት ክፍሉ ጎን ትንሽ ክፍል ነጭ ቀለም ተቀብታ አየሁ። ቀለሟ ገና ይሸታል። በር አላት። ሙላት ወጥቶ ተቀበለኝ፤ አብሮኝ የመጣውን ፋንታውን ውጭ እንዲቀመጥ ለመነው። አስገብቶኝ በሩን ዘጋ። ከጠረጴዛው ጀርባ አልተቀመጠም፤ ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እስክሪብቶውን አላነሳም።

«እማማ ትርንጎ፣» አለኝ፣ «በዚያን ቀን ማን ነካዎት?»

ነገርኩት። አሁን ቃሉ ሁሉ ነበረኝ፤ ዱላውም፣ አህያዋም፣ ክምሩም፣ የየሺ ሻሽም። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ስጨርስ ያንኑ የድሮ ካርድ አወጣ።

«መፋቅ አልችልም» አለ። «ከሥሩ መጨመር ግን ይቻላል፤ ቀንና ስሜን አድርጌ። ጠይቄልዎታለሁ።»

ጻፈ። ማኅተም አደረገበት። ከዚያ ሊያነብልኝ ሲል ካርዱን ከእጁ ተቀበልኩት። መነጽሬን አጠለቅኩ። በቀኝ እጄ ጣት፣ ፊደል በፊደል እየተከተልኩ ራሴ አነበብኩት፦

«ከላይ ያለው የተጻፈው፣ ጉዳት ያደረሰባቸው ሰው አጠገባቸው ቆሞ ሳለ ስለጠየቅኳቸው ነው። ዛሬ ብቻቸውን ጠየቅኩ። አልወደቁም። በልጃቸው ባል በዱላ ተመትተዋል።»